«እኛ አፈር የምንሞላው በታኅሣሥ ነው»

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ከጸደቀ ወዲህ «ባዮዲግሬደብል»፣ ማለት በራሱ የሚበሰብስ፣ የማይል ሰው ጠፋ። ሱቅ ብትሄዱ እሱ፣ ስብሰባ ብትገቡ እሱ። ቃሉን በሰማሁ ቁጥር አንዲት ጥያቄ ትዝ ትለኛለች፤ ከጥያቄዋ ጋር ደግሞ የራሴ ሣቅ።

ሐይቅ አካባቢ ባለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ፎርማን ነበርኩ። ችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው ፕላስቲክ ሲባል ቀድሞ የሚታየው አፈር ተሞልቶበት ችግኝ የሚያድግበት ጥቁሩ ቲዩብ ነው። በኪሎ ይገዛል፣ ይቆረጣል፣ ይሞላል፣ መደብ ላይ ይደረደራል፣ ሐምሌ ሲመጣ በምላጭ ተቀዶ እዚያው ተራራው ላይ ይቀራል። ርካሽ ነው፣ አይከዳም፣ ዓመቱን ሙሉ ውኃ ቢፈስበት ምንም አይሆንም። ምንም አለመሆኑ ነው ጣጣው።

የጣቢያው አንጋፋ ሠራተኛ እትዬ ናቸው። ስማቸውን የማየው ደሞዝ ሲወስዱ አውራ ጣታቸውን ከሚያሳርፉበት መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ወረዳ ድረስ ሰው ሁሉ የሚላቸው እትዬ ነው። መደቡን በመዳፋቸው ነካ አድርገው «ይኼ ጠግቧል፣ ያኛው ይጠጣ» ይላሉ፤ ተሳስተው አላየሁም። አንድ ዓመት አንዲት ጊደር ሆዷ ተነፍቶ ሞተችባቸው። ስትከፈት ከጨጓራዋ እንደ ገመድ የተገመደ ጥቁር ቲዩብ ወጣ። ሥራ ሲገቡ አላለቀሱም። «እኔው የሞላሁት ይሆናል» ብለው መሙላታቸውን ቀጠሉ።

ስለዚህ ከከተማ የመጣው ባለሙያ አዲሱን ከረጢት ከካርቶን ሲያወጣ መጀመሪያ እጃቸውን የዘረጉት እሳቸው ናቸው። ነጣ ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ አንድ አረንጓዴ ቅጠል የታተመበት ነው። አሸተቱት፤ በጣታቸው አሹት። ባለሙያው ከበቆሎ ስታርች እንደተሠራ፣ ችግኙ ከነከረጢቱ እንደሚተከል፣ ምላጭ ቀረ፣ ከብት መግደል ቀረ እያለ አስረዳ። ሁላችንም ደስ አለን።

«መቼ ነው የሚበሰብሰው?» አሉ እትዬ።

«በስድስት ወር ውስጥ፣ እናቴ።»

«ከመቼ ተቆጥሮ?»

«አፈር ካገኘበት ቀን ጀምሮ።»

እትዬ ከረጢቱን አጣጥፈው መለሱለት። «እኛ'ኮ ልጄ አፈር የምንሞላው በታኅሣሥ ነው።»

ዝም ተባለ። ከዚያ ባለሙያው ሣቀ። «ስታንዳርዱን ያሟላ ነው፣ አያስቡ» አለ። ሠራተኛውም ተከትሎት ሣቀ። እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ ሣቅሁ። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይኼ ነው። የሣቅሁት ጥያቄው ስላልገባኝ አይደለም። ለሥልጠና የሚሄዱ ሰዎች ዝርዝር በባለሙያው እጅ ነበር፤ አበል ያለበት የአምስት ቀን ሥልጠና። ጥያቄው ገብቶኛል፤ አበሉም ገብቶኛል።

ስድስት ሺህ ከረጢት ተረከብን። እትዬ ለብቻዬ ጠሩኝና «በግድ ከሆነ ግራሩን ሙላበት፤ መጋቢት ላይ ሞልተኸው ሐምሌ ላይ ይወጣልሃል። ወይራና ዝግባ ግን ክረምት ያልፍባቸዋል፣ በጥቁሩ ይሁኑ» አሉኝ። እኔ አብዛኛውን ወይራና ዝግባ ሞላሁበት። ውድ ችግኝ በውድ ከረጢት፣ ፎቶውም ያምራል ብዬ። ትንሽ ብቻ ለግራር አስቀረሁ፤ እሱንም እትዬ ዝም እንዲሉልኝ።

ሚያዝያ ላይ ሥር ቆረጣ ደረሰ። ሥሩ ከታች ወጥቶ መሬት እንዳይዝ ችግኙን ከመደብ አንሥቶ መቁረጥ ነው። እትዬ አንዱን ወይራ እንደ ልማዳቸው በከረጢቱ ወገብ ያዙት። ብድግ ሲያደርጉት አፈሩ በሙሉ እግራቸው ላይ ዘጭ አለ። ወይራው እራቁት ሥሩን አንጠልጥሎ ግራ እጃቸው ላይ፣ የከረጢቱ አንገት ቀለበት መስሎ ቀኝ እጃቸው ላይ ቀረ። የቀረው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አፈሩ ላይ ተለጥፏል፤ ነጭ ሻጋታ ድር ሠርቶበታል። ሁለተኛውን አነሡ፣ ዘጭ። ሦስተኛውን አላነሡም።

ስድብ ስጠብቅ ቀለበቷን ጣታቸው ላይ አጥልቀው እያዩ፣ «አብሽር ልጄ። ደግ ፕላስቲክ ነው፤ ቃሉን ጠብቋል» አሉ።

ባለሙያው ጋ ደወልኩ። «ውኃ አብዝታችሁ ይሆናል፣ የአያያዝ ችግር ነው» አለኝ። ችግኝ ጣቢያ ውኃ አበዛ ተብሎ ሲወቀስ መስማት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም።

ያን ሰሞን ንዴቴ ማንበብ አስለመደኝ። ባለሙያው የጠራው ስታንዳርድ ኢኤን 13432 የሚባል የአውሮፓ መለኪያ ነው፤ ዘጠና በመቶው በስድስት ወር ይበስብስ የሚለው እውነት ነው። ነገር ግን የሚለካው በኢንዱስትሪ ኮምፖስት ነው፤ ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት። የእኛን ተራራ የለካው የለም። ደግሞ በቆሎ የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ከበቆሎ ስኳር ይሠራል፤ ያንን ሙቀት ካላገኘ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ስታርች የበዛበት ድብልቅ ግን እርጥበትና ሕይወት ያለው አፈር ካገኘ ቶሎ ይሄዳል። አረንጓዴው ቅጠል ሁለቱም ላይ ይታተማል። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ፌስታል ሲሸጥ ይበሰብሳል አይበሰብስም የሚል ጽሑፍ ይኑረው ይል ነበር። የእኛ ከረጢት ጽሑፍ ነበረው። የእትዬ «መቼ» ናት የሌለችበት።

አንድ ጊዜማ ደሴ ገበያ «ይኼም ይበሰብሳል» ተብዬ ጥቁር ከረጢት ገዛሁ፤ ዋጋው ከተራው ብዙም አይርቅም። አጥር ላይ ሰቅዬው ሁለት ወር ፀሐይ ሲመታው ቆየና በእጄ ስነካው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። ደስ ሊለኝ ነበር። ኋላ ሳነብ ይኼኛው ኦክሶ የሚሉት ነው፤ ያው ተራው ፕላስቲክ የብረት ጨው ተጨምሮበት ቶሎ እንዲሰባበር የተደረገ። አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ከገበያ አስወጥቶታል። ጊደሯን የገደለው ቢያንስ በዓይን ይታይ ነበር፤ ይኼኛውን በምን ትለቅመዋለህ?

ግራሮቹስ? ሐምሌ ላይ በመመሪያው መሠረት ከነከረጢታቸው ተተከሉ። ጥር ላይ እኔና እትዬ ጉብታው ላይ ወጥተን አንድ የጠወለገ ግራር ሥር ቆፈርን። ከረጢቱ አለ። አረንጓዴው ቅጠልም አለ፣ ምንም አልደበዘዘም። ሥሩ የከረጢቱን ግድግዳ እየዳበሰ እንደ ጥምጥም ዞሮ ዞሮ ታስሯል። እትዬ አፈሩን አንሥተው በጣታቸው መሐል አፈሰሱት፤ አመድ ነው። ዝናቡ መስከረም ላይ ሄዷል፤ በልጉ ገና ነው። የሚያበሰብሰው ረቂቅ ተሕዋስ የሚጠጣው ውኃ የት አለው? ጣቢያ ላይ ግን ጠዋት ማታ ውኃ፣ ፍግ ያለበት አፈር፣ ከላይ ዳስ። እንዲቆይ በፈለግንበት ቦታ ድግስ ደግሰንለት፣ እንዲበሰብስ በፈለግንበት ቦታ በረሃብ ቀጣነው።

የማጠቃለያው ሪፖርት ሲመጣ ውጤት በሚለው ሥር «ከረጢቱ አፈር ውስጥ በአራት ወር መበስበሱ በተግባር ተረጋግጧል» ይላል። ስለ ወይራዎቹ አንድም ቃል የለም። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። ሥልጠናውንም ሄጃለሁ፤ ሻዩ ጥሩ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጥቁሩ ተመለስን። እትዬ ግን የጊደራቸውን ነገር አልረሱም። «ችግኝ የወሰደ ቲዩቡን ቆጥሮ ይመልስ» ብለው በር ላይ ጆንያ ዘርግተው ቆሙ። ሳይቀዱ ታቹን መታ መታ አድርጎ ማውጣትንም ለወጣቶቹ አሳዩ፤ እንደዚያ የወጣ ቲዩብ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሺህ ችግኝ ወጥቶ የተመለሰው መቶ አርባ ቲዩብ ነው። ቆጥረው፣ አጥበው፣ አሰጡት። «መቶ አርባ ከብት» አሉ። ሒሳቡ ትክክል አይደለም፤ ማን ደፍሮ ያርማቸዋል?

የተረፈው ካርቶን መጋዘን ተቀምጦ ነበር። ክረምት ላይ ልንቆጥር ስንከፍተው አይጥ ከላይ እስከ ታች ቦርቡሮታል፤ ከቅጠሉ ሥዕል በቀር የተረፈ ሙሉ ከረጢት አልነበረም። አጠገቡ ያለውን የጥቁር ቲዩብ ጥቅል አልነካውም።

እትዬ ካርቶኑን በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«አየህ፣ በቆሎ መሆኑን ሳይሠለጥኑ አወቁ።»