ከቸነፈሩ የተረፈው ጭሰኛ

ስለ ጥቁር ሞት ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው የሟቾቹ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1347 ከጥቁር ባሕር የተመለሱ የጄኖዋ መርከቦች ሲሲሊ፣ መሲና ወደብ ላይ ያራገፉት ቸነፈር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአውሮፓ ሕዝብ ቢያንስ ሲሶውን፣ በብዙ ተመራማሪዎች ግምት ደግሞ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ፈጅቷል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የተረፈው ሰው፣ በተለይም በጌታው መሬት ላይ ታስሮ ይኖር የነበረው ጭሰኛ ዕጣ ነው።

ቸነፈሩ በመጀመሪያ የበጣጠሰው ሰውን ከሰው ያስተሳሰረውን ማኅበራዊ ገመድ ነበር። ብብትና ብሽሽት ላይ ንፍፊት የወጣበት ሰው በቀናት ውስጥ ስለሚሞት ቤተሰብ ከቤተሰቡ ሸሸ። ካህናቱም ከሕመምተኞቹ ጋር አለቁ፤ በጥር 1349 የእንግሊዙ የባዝና ዌልስ ጳጳስ፣ ካህን ያጣ ሰው ለምእመን፣ ወንድ ካልተገኘም ለሴት ኃጢአቱን ተናዞ እንዲሞት ፈቀዱ። የንስሐ አባት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ የዚህ ፈቃድ ክብደት ማብራሪያ አያሻውም። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የምንኖር ሰዎችም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የሚጤሰው ጭስ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ ቀባሪ የታጣበትን ጊዜ ስለሚያስታውሰን፣ በጅምላ የተቀበሩትን የለንደን ሟቾች እንደ ሩቅ አገር ሰዎች ብቻ ልናያቸው አንችልም።

ሰው ሲያልቅ መሬቱ በነበረበት ቀረ። አራሽና አጫጅ ስለጠፋ፣ ትናንት ለምኖ ሥራ ያገኝ የነበረው ሠራተኛ ሁለትና ሦስት እጥፍ ደመወዝ መጠየቅ ቻለ፤ ጌታው እምቢ ቢለው ሌላ ጌታ ይቀበለዋል። መንግሥት ግን ቆሞ አላየም። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ገና ቸነፈሩ ሳይበርድ በ1349፣ ፓርላማውም በ1351 ባወጡት ሕግ ደመወዝ ከቸነፈሩ በፊት ወደነበረበት እንዲመለስ፣ ዕድሜው ከ60 ዓመት በታች የሆነና መተዳደሪያ የሌለው ጤነኛ ሰውም በዚሁ ሒሳብ እንዲሠራ ታዘዘ። ልጆቹን ቀብሮ ማረሻ የጨበጠን ሰው በሞተው ጎረቤቱ ዘመን ዋጋ ሥራ ማለት ግፍ ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ቁጣው ታምቆ ቆየና፣ የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጨመርበት በ1381 ፈነዳ። በዋት ታይለር የተመሩት ገበሬዎች ለንደን ገብተው ጭሰኝነት እንዲቀር ጠየቁ፤ የ14 ዓመቱ ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ነፃነታቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ሰጣቸው፤ ሳይቆይም ሻረው። ሆኖም ሠራተኛ ፈላጊው ጌታ ከሌላው ጌታ ጋር መሻማቱን ስላላቆመ፣ በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት ጭሰኝነት በእንግሊዝ ቀስ በቀስ ከሰመ።

ቸነፈሩ ገበሬውን ነፃ አወጣው የሚለውን የተለመደ አባባል የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። በሽታው የጉልበትን ዋጋ ከፍ አደረገ እንጂ ጌቶችን አላስገደደም፤ ያስገደዳቸው ሥራ ጥሎ የሄደውና ያመፀው ሰው ነው። ጀርመን ውስጥ ከሚፈሰው ከኤልብ ወንዝ በስተምሥራቅ የነበሩ ባላባቶች በኋለኞቹ ዘመናት የሰው እጥረት ሲገጥማቸው ገበሬውን ከመሬቱ ጋር ይበልጥ አጥብቀው አሰሩት፤ ሩሲያ ውስጥ ይህ እስራት በአዋጅ የተሻረው በ1861 ነበር።