ከማዶ ብልጭ አለ

ታኅሣሥ 19፣ ቢሾፍቱ

ከምሽቱ 6 ሰዓት ሊሆን ነው። ጣቶቼ እስካሁን በብርዱ እንደደነዘዙ ናቸው፤ ቢሆንም ሳልተኛ ልጻፈው። ለነገ ካሳደርኩት ማሳመሬ አይቀርም።

ነገሩ የባትሪው ነው። ከሁለት ወር በፊት ከዱባይ በሰው ያስመጣሁት፣ ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ «ይሄ ሁሉ ብር ለጨለማ?» ያለችኝ ባትሪ። ካርቶኑ ላይ 1,200 ሜትር ያበራል ተብሎ ተጽፏል። አዲስ አበባ ሆኜ ይህን መሞከር አልቻልኩም። ከኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ባበራው የሚያርፈው ፊት ለፊት ያለው ብሎክ መስኮት ላይ ነው። አንድ ማታ ሞክሬ አንዲት ሴትዮ መጋረጃዋን ገልጣ ብቅ ስትል፣ ጎንበስ ብዬ በጉልበቴ እየዳህኩ ቤት ገባሁ። ዕድሜዬ 43 ነው።

እስከዚያው ግን ቤት ውስጥ ስለካው ከረምኩ። ቪዲዮ ከሚቀርጽ ጓደኛዬ የብርሃን መለኪያ ተውሼ፣ በደረጃው ኮሪደር 10 ሜትር ርቄ ለካሁት፤ 2,100 ሉክስ አለ፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። ይህን በ10፣ እንደገና በ10 ሲያበዙት የጨረሩ ጥንካሬ ይወጣል፤ 210,000 ካንዴላ። የዚህን ካሬ ሩት አውጥቶ በ2 ማብዛት ነው፤ 916 ሜትር። ባትሪ ሠሪዎቹ ርቀት የሚሉት፣ ብርሃኑ ደክሞ ደክሞ ሩብ ሉክስ ላይ የሚደርስበትን ቦታ ነው። ሩብ ሉክስ ማለት ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠን ብርሃን ያህል ነው። ካርቶኑ እንዳለው 1,200 ሜትር እንዲሄድ 360,000 ካንዴላ ያስፈልገው ነበር። ከርቀቱ የጎደለው ሩቡ ቢመስልም ከብርሃኑ የጎደለው ከ40 በመቶ በላይ ነው፤ ርቀትን እጥፍ ለማድረግ ብርሃኑን አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ነውና።

የባለቤቴ ወንድም «የእኔ 4,000 ሉመን ነው፣ ያንተ 1,000 ነው» እያለ ይፎክርብኛል። እውነቱን ነው፣ የእሱ ግቢውን በሙሉ ቀን ያስመስለዋል፤ 200 ሜትር ላይ ግን የለም። ሉመን የብርሃኑ ጠቅላላ ብዛት ነው፣ ካንዴላ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተጠራቀመ። የጎማውን አፍ በአውራ ጣት ጠበብ ሲያደርጉት ያው ውሃ አጥር ተሻግሮ ይሄድ የለ? የእኔ ባትሪ ኤልኢዲው የምስር ፍሬ ታክላለች፤ የተቀመጠችበት አንፀባራቂ ግን የሽሮ ድስት ያህል ጎድጓዳ ነው። ይህን ስነግረው «በል ግቢ ስትጠብቅ እንተያያለን» አለኝ።

ቢሾፍቱን የመረጥኩት ለባቦጋያ ሐይቅ ብዬ ነው። ሐይቁ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆነ ዙሪያው እንደ ማሰሮ አፍ ከፍ ያለ ነው፤ አንዱ ጠርዝ ላይ ቆሞ ማዶውን ሲያዩ በመሀል ያለው ውሃ ብቻ ነው። በስልኬ ካርታ ስለካው ካረፍኩበት ሎጅ ማዶ እስከ መረጥኩት ቦታ 850 ሜትር አለ። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት መርጫለሁ። ታናሽ ወንድሜን ደግሞ ጾሙ ሲፈታ ክትፎ እጋብዝሃለሁ ብዬ ማዶ አቁሜዋለሁ።

የሎጁ ዘበኛ ካፖርታቸውን ደርበው መጡ። መጀመሪያ የባትሪውን ዋጋ ጠየቁኝ፣ ቀንሼ ነገርኳቸው፣ ያም ሆኖ አማተቡ። ከዚያ «ልጄ፣ ብቻ ወደ ሰማይ እንዳታበራ፤ አየር ኃይል ያለበት ከተማ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ እኔ ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር።

አበራሁት። ከእጄ ነጭ ምሰሶ ተመዝዞ ውሃው ላይ ተጋደመ። ያማረ ነበር፤ ችግሩ ከምሰሶው በቀር ምንም አይታይም። ሐይቁ ማታ ቀጭን እንፋሎት ያወጣል፣ ትንኙም እንደ ዱቄት በብርሃኑ ውስጥ ይቦናል፤ ያ ሁሉ ነጭ ነገር መልሶ ዓይኔን ይወጋኛል። ጥግ ያለው ዛፍ ላይ ያደሩት ወፎች ተንጫጩ። (እነሱን ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ የለኝም።) አሥር እርምጃ ያህል ወደ ጎን ርቀው የቆሙት ዘበኛ «ያ የቆርቆሮ ጣሪያ አይደለም እንዴ?» ሲሉኝ እኔ ገና ምንም አላየሁም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ባትሪውን የያዘ ሰው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ጭጋግ ነው። ባትሪውን የድንጋይ አጥሩ ላይ አስደግፌ እሳቸው ጋ ሄድኩና ሩቁን በሚያቀርብ መነጽር ተመለከትኩ። ጣሪያው ታየኝ። የውሃው ዳርቻ እንደ ኖራ መስመር ታየኝ። ወንድሜ የለም።

ደወልኩለት።

«የት ነህ?»

«አንተ፣ ዓይኔን አጠፋኸው እኮ!»

«እሱን ተወው፣ ምን ይታይሃል?»

«ጥላዬ ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ቆይ...የውሃ ፕላስቲኩን ትልቁን ጽሑፍ አነበብኩት። ትንሹ አይነበብም።»

በስሌቴ እሱ የቆመበት ቦታ የሚደርሰው 0.29 ሉክስ ነው፣ ማለትም እንደ ጨረቃ። የኮሪደሩ ልኬት እንዳልዋሸኝ በዚህ አወቅሁ፣ ደስም አለኝ። ግን እሱ እኔ በላክሁት ጨረቃ ፕላስቲክ ሲያነብ እኔ እሱን ማየት አቃተኝ። ጥቁር ጃኬት ነው የለበሰው፤ የደረሰው ብርሃን በጃኬቱ ተውጦ ቀርቶ፣ ያመለጠችው ጥቂቷ ደግሞ ያንኑ 850 ሜትር ተመልሳ መምጣት አለባት። ጃኬቱን አውልቅ አልኩት። ስድብ ሰማሁ፣ ከዚያ በመነጽሩ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር እጇን ስታወዛውዝ አየሁ፤ ካናቴራው ነው።

ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ባትሪው ሞቆ ራሱን ቀነሰ። «ጠፋ እንዴ?» አለ ወንድሜ። ይህ በካርቶኑ ላይ አልተጻፈም። 1,200 ሜትሩ፣ በእኔ ሂሳብ 916ቱ፣ የእነዚያ የሦስት ደቂቃዎች ነው።

ያኔ ወንድሜ የስልኩን መብራት አበራ፣ «እኔስ እታይሃለሁ?» ብሎ። ያለ መነጽር፣ ጥርት ብሎ ታየኝ። የስልክ መብራት! እግሩ ስር ያለውን ድንጋይ እንኳ በቅጡ የማያሳየው መብራት ሐይቁን ተሻግሮ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ዘበኛው ሳቁ። ከካፖርታቸው ኪስ ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪያቸውን አወጡ። የኋላ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ ነው፤ ሲፈቱት ከስፕሪንጉ ሥር የሲጋራ ብር ወረቀት ተጠቅጥቋል። አባቴም እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ አውጥቶ ጣሪያ ላይ ለፀሐይ ያሰጣው ነበር፣ እኛም እንዳይወድቅ እንድንጠብቅ እንታዘዝ ነበር።

«እኛማ በየሌሊቱ ነው» አሉ። «ስድስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ሁለት ጊዜ ብልጭ አደርጋለሁ፣ የማዶው ዘበኛ ሁለት ጊዜ ይመልሳል። ካልመለሰ ተኝቷል ማለት ነው፤ እደውልለታለሁ።»

«ቢደውሉለት አይቀልም?»

«ካርድ ማን ይሞላል?»

ሰዓቱ ገና ነበር። «ምናልባት አያይ ይሆናል» እያሉ ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረጉ። የሳቸው ብርሃን ቢጫና ደብዛዛ ነው፣ ሣሩን ተሻግሮ ውሃው ድረስ እንኳ አልሄደም። ጠበቅን። ከወንድሜ በስተግራ፣ ዛፎቹ መሀል፣ አንዲት ቢጫ ነጥብ ብልጭ አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደገመች።

«እዚህ ያሉት ሰውዬ ይስቃሉ» አለ ወንድሜ በስልክ። «ምን አልካቸው?»