ቀድሞ መልቀቅ ያለበት መገጣጠሚያ

ድሬ ዳዋ ላይ ትንንሽ የብረት ወታደር ምስል የሚገጣጥም ሰው ብርቅ ነው። ስለዚህ ስለ ሙጫ ምክር የሚሰጠኝ ሁሉ ከራሱ ሙያ ተነስቶ ነው የሚመክረኝ። ጫማ ሰፊው ማስቲሽ ይለኛል። አናጢው ነጩን የእንጨት ኮላ። ታይዋን ገበያ ያለው ባለሱቅ ደግሞ ሱፐር ግሉውን አውጥቶ፣ «አቦ፣ ይሄ ብረት ከብረት ነው የሚያጣብቀው! መኪና ትጎትትበታለህ» ይለኛል። እኔ መኪና የምጎትትበት ጉዳይ የለኝም። የምሠራው ቁመቱ 28 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ እግረኛና ፈረሰኛ ነው፤ ጋሻው ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም።

የያዝኩት ሥራ የሐረር ጦር ነው፤ ራስ መኮንን ይዘውት ዘምተው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው። ወታደሮቹን ዘመድ ከውጭ ይልክልኛል። ክንድ ለብቻው፣ ጦር ለብቻው፣ ፈረስ ለሁለት ተከፍሎ ይመጣል።

ከሙጫው በፊት ስለ ብረቱ። እነዚህ ነገሮች የሚሠሩት በቀላሉ ከሚቀልጥ ቅይጥ ነው፤ ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን፣ ትንሽ አንቲሞኒ፣ በድሮዎቹ ላይ ደግሞ ብዙ እርሳስ አለበት። ከባድና ለስላሳ ነው። ቁርጭምጭሚቱ በጣት ይታጠፋል፣ ይቃናል፣ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለበት በሞረድ ስሞርደው እርጥብ አድርጌ ነው፤ ብናኙን ጠርጌ እጄን ሳልታጠብ ምግብ አልነካም። ምሳ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ካለ ይተው።)

ወታደር ደግሞ ይወድቃል። ልጅ ያነሳዋል፣ መጋረጃ ይጠልፈዋል፣ ድመት ትገፋዋለች። ሲወድቅ ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ ማረፉ አይቀርም፤ የት እንዲያርፍ መምረጥ ግን ይቻላል። እኔ የምመርጠው እግሩና መቆሚያው የሚገናኙበትን ነው። እዚያ ከለቀቀ ጠርጌ መልሼ አጣብቀዋለሁ። ቁርጭምጭሚቱ ከተሰበረ ግን ያ ወታደር ከዚያ በኋላ ቢቆምም ጤነኛ አይሆንም። እግሩን በሽቦ ወግቶ ከመቆሚያው ጋር የሚያስር ሰው አለ። እኔ አላደርገውም።

ሱፐር ግሉን ለዚህ ቦታ የምወደው በድክመቱ ነው። ቀጥ አድርገው ሲስቡት ጠንካራ ነው፤ ድንገት ሲመታ ወይም ከጫፉ ሲላቀቅ ግን ይሰነጠቃል። መቆሚያ የማደርገው ከብረታ ብረት ሱቅ የሚገዛ ሮንዴላ፣ ብሎን ሥር የሚገባው ባለቀዳዳ ክብ ብረት ነው፤ ቀዳዳውን ከሥር በካርቶን እደፍነዋለሁ። ለፈረሰኛ ኮምፔንሳቶ እቆርጣለሁ። የሮንዴላው ገጽ በጣም ልሙጥ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ሙጫው የሚይዘው ነገር አያገኝም። ወታደሮቹንም በሳሙና ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥባቸዋለሁ፤ ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲለቁ የሚቀባው ዱቄት ወይም ቅባት ላያቸው ላይ ሊቀር ይችላል። ቀለም የሚቀባው ከተጣበቀ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተቀባ መገጣጠሚያውን እስከ ብረቱ መፋቅ ያስፈልጋል፤ ካለዚያ የተጣበቀው ቀለም ከቀለም ነው።

ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በአየሩ ሙቀት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሚያጠነክረው እርጥበት ነው፤ ከአየሩና ከዕቃው ገጽ የሚያገኘው ትንሽ ውኃ። ስለዚህ በበጋው፣ የድሬ አየር ከንፈር ሲሰነጥቅ፣ ሙጫው እንደተጻፈለት በሰከንዶች አይይዝም። አንዱን ገጽ በአፌ «ሃ» ብዬ አተነፍስበትና በሌላው ላይ ሙጫውን በስፒል ጫፍ ነክቼ እገጥማለሁ። ብዙ ማፍሰስ አያፋጥነውም። በስሱ ከተቀባ ቶሎ ይይዛል፤ የተከማቸ ጠብታ ግን ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆይና ዙሪያውን ነጭ ጭጋግ ያለብሳል። ክፍተት ካለ ቤኪንግ ሶዳ ይነሰነስበታል፤ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል። ሲሠሩ ደግሞ በጥጥ እንዳትጠርጉት፤ ጥጥ ላይ ብዙ ከፈሰሰ ጣት እስከሚያቃጥል ይግላል። እጅ ላይ ሲጣበቅ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ አሴቶን ያለበት፣ ያላቅቃል።

ትከሻ፣ የፈረስ ወገብና ረጅም ጦር ግን ሌላ ሕግ አላቸው። እነዚህ እንዲለቁ አልፈልግም። እዚህ ላይ ከሁለት ቱቦ የሚቀላቀለው ኤፖክሲ ነው የሚገባው፤ ብዙ ጊዜ እኩል በእኩል። ክፍተት ይሞላል፣ ምትም ይችላል። ከእሱ ጋር ሽቦ እወጋለሁ፦ በጣት በሚዞር ትንሽ መሰርሰሪያ 1 ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ ከዚያ የተቆረጠ አግራፍ። ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት እንዲገናኙ አንዱ ላይ እርጥብ ቀለም ነክቼ ከሌላው ጋር ሳገጥመው ምልክቱን ያትምልኛል። አግራፉን የምይዘው በፒንሳ፣ ክንዱን በወረንጦ ነው፤ ሦስተኛ እጅ ሲያስፈልግ ከልብስ ማስጫ መቆንጠጫ የተሻለ ረዳት የለም።

የኤፖክሲው ነገር ከሱፐር ግሉው ተቃራኒ ነው፤ ሙቀት ያጣድፈዋል። በግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። «5 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈበት የተለካው መካከለኛ ሙቀት ባለው ክፍል ነው፤ ሰኔ ላይ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤቴ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ አቀላቅዬ ቀና ስል ማር ሆኖ ክር ይጎትታል። ስለዚህ ኤፖክሲ የማለዳ ሥራ ነው። የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ አቀላቅላለሁ፤ ሲበዛ ራሱን ያሞቅና ይበልጥ ይቸኩላል። ሐረር ያለው ወዳጄ በዚህ ይስቅብኛል፤ እሱ እዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ሻይ እየጠጣ ይገጣጥማል።

ማስቲሹስ? ወፍራም ነው፣ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ቅርጹን ይሸፍናል። ከመቆሚያው ሥር የቆዳ ቁራጭ ለመለጠፍ ግን ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም። ስለዚህ ጫማ ሰፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ነው።

አናጢውም እንደዚያው። ነጩ ኮላ ውኃው ሲወጣ ነው የሚጠነክረው፤ በሁለት ብረት መካከል ውኃው መውጫ ስለሌለው ተጨናንቆ ይቀራል። መቆሚያው ላይ ለሚነሰነስ አሸዋ ግን የተፈጠረ ነው። አሸዋ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ የድሬው ወንዝ ደቻቱ ምን ሠራ? አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ከመሃሉ አንድ ኩባያ ይበቃል። ግን ይታጠብ። ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ደለሉ ካለበት ኮላው የሚይዘው አቧራውን ነው፣ አሸዋው በኋላ ይረግፋል። ከደረቀ በኋላ በሻይ ወንፊት ነፍቼ፣ ደቃቁን ለመሬት፣ ጠጠሩን ለቋጥኝ አደርጋለሁ። ኮላውን በብሩሽ፣ በእግሮቹ ዙሪያ ሳይነካቸው። ስነሰንስ ቬንቲሌተሩን አጠፋለሁ፤ ምን ያህል እንደሚያልበኝ አትጠይቁኝ። በማግስቱ አሸዋው ላይ በውኃ የቀጠነ ኮላ በጠብታ እጨምርበታለሁ፤ አንድ ጠብታ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ካለበት ውስጥ ድረስ ይሰርጋል።

የተጠናቀቁትን መኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አትተዉ፤ ተራው ኤፖክሲና ነጩ ኮላ በዚያ ሙቀት ይለሰልሳሉ። ሱፐር ግሉ ስትገዙ ትንንሾቹን ቱቦዎች ግዙ፤ ትልቁ ከተከፈተ በኋላ ሳያልቅ ይጠነክራል። ያልተከፈቱትን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ግን የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ ጠብቁ፤ ጤዛ ከገባባቸው ያበቃላቸዋል። ሱቆቹ ከምሳ በኋላ ስለሚዘጉ ጠዋት ሂዱ።