ዶንግል ስትመርጡ መብራት የሚሄድበትን ሰዓት አስቡ

ሰሞኑን የቤቴን የዚግቢ ኔትወርክ እንደ አዲስ አደራጅቼዋለሁ። ዚግቢ ሴንሰሮችንና ሌሎች የቤት ዕቃዎችን በጥቂት ኃይል፣ ያለ ገመድ የሚያገናኝ የሬዲዮ ዘዴ ነው። ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ከኋላ ሰርቪስ፣ ከፊት የላሜራ በር አለው። በሩ ላይ መከፈት መዘጋቱን የሚነግር ሴንሰር አለ። ከሮቶው ትርፍ ውሃ መውጫ ሥር ደግሞ የፍሳሽ ሴንሰር አስቀምጫለሁ። ውሃ በፈረቃ ሌሊት ሲመጣ፣ ሮቶው ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር ስልኬ ይጮኻል። ይህን ሁሉ የሚያገናኘው ጣት የሚያህል የዩኤስቢ ዶንግል ነው። እሱን ስመርጥና ስተክል የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ ሱቅ ገብታችሁ “ዋየርለስ ዩኤስቢ” ካላችሁ የሚሰጧችሁ የዋይፋይ ነው። ዚግቢ ሌላ ነው። ሁለቱም 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ቢሠሩም አይግባቡም። ከዱባይ ለሚመጣ ዘመድ የምታስልኩ ከሆነ የምርቱን ፎቶ ከነሙሉ ሞዴሉ ላኩለት። አንድ ፊደል ስትለወጥ ውስጡ ያለው ቺፕ ይለወጣል።

ስማቸው የሚደጋገመው ሁለት የቺፕ ቤተሰቦች ናቸው። አንዱ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሲሲ2652 ነው። ሌላው የሲሊከን ላብስ ኢኤፍአር32ኤምጂ21 ነው። የሶኖፍ ኩባንያ ዶንግል የሞዴሉ ስም መጨረሻ ላይ “ፒ” ካለው የመጀመሪያውን ይዟል፤ “ኢ” ካለው ሁለተኛውን። ድሮ ስካይኮኔክት ይባል የነበረው የሆም አሲስታንት (የስማርት ቤት ዕቃዎችን የሚያዝ ሶፍትዌር) ዶንግልም ሁለተኛውን ነው የሚጠቀመው። ሁሉም ደህና ናቸው። ዚግቢን የሚያስተዳድሩት ሶፍትዌሮች፣ ዚግቢቱኤምኪውቲቲም ሆም አሲስታንት ውስጥ ያለው ዜድኤችኤም፣ ይቀበሏቸዋል። እኔ “ፒ”ን የመረጥኩት የራውተር ፈርምዌር፣ ማለትም ዶንግሉን የሌሎችን ምልክት አቀባባይ የሚያደርግ ውስጡ የሚጫን ሶፍትዌር፣ በቀላሉ ስለሚገኝለት ነው። ለምን እንደጠቀመኝ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ርካሽ ነው ብሎ ሲሲ2531 የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ ግን ተዉት። ራሙ 8 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ የሲሲ2652 ደግሞ 80 ነው። ዕቃ ሲበዛበት ይንገዳገዳል። ፈርምዌር ለመጫንም ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል። በአንድ ሬዲዮ ዚግቢንም ትሬድንም (ሌላ የስማርት ዕቃዎች ኔትወርክ) ላሠራ የምትሉም፣ የሆም አሲስታንት ሰዎች ራሳቸው አይመክሩትም። ለየአንዳንዱ የራሱ ዶንግል ይሻላል።

ማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው “20 ዲቢኤም” ነው። 100 ሚሊዋት ማለት ነው፤ ለዚግቢ ትልቅ ጉልበት ነው። ግን ንግግሩ የሁለት ወገን ነው። ዶንግሉ የቱንም ያህል ቢጮኽ፣ ሴንሰሩ በክብ ባትሪ፣ በጥቂት ሚሊዋት የሚመልሰው መልስ ብሎኬቱን አልፎ ካልደረሰ ምንም አይጠቅምም። ርቀት የሚያሸንፈው መሃል ላይ የሚቀመጥ አቀባባይ ነው። ሶኬት ላይ ሁሌ የሚሰካ ስማርት ፕለግ ይህን ሥራ ይሠራል። የስማርት አምፖል ግን አልመክርም፤ ሰው ግድግዳው ላይ ባጠፋው ቁጥር አቀባባዩም አብሮ ይጠፋል።

ከቺፑ ምርጫ በላይ ለውጥ ያየሁት ማራዘሚያ ገመድ ላይ ነው። ዶንግሉ የሚሰካበት ትንሹ ኮምፒውተሬ፣ ራስበሪ ፓይ 4፣ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ላይ ኤስኤስዲ (የመረጃ ማከማቻ) ተሰክቶበታል። ዶንግሉ ከጎኑ ሲሰካ የሰርቪሱ ሴንሰር የሲግናል ጥራት 40 እንኳን አይሞላም ነበር፤ ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ነው የሚሄደው። አንድ ሜትር ተኩል ማራዘሚያ ጥቁሩ ዩኤስቢ 2 ላይ ሰካሁ። ዶንግሉን ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ቁጥሩ ከ100 በላይ ወጣ። ዶንግሉም ያው፣ ሴንሰሩም ያው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ የዩኤስቢ 3 ገመድና ዕቃ የሚረጨው ጫጫታ 2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢም እንደሚደርስ አሳይቷል። ስለዚህ ዶንግል ስታስመጡ ማራዘሚያውንም አብራችሁ አስመጡ።

ቁጥሩን ስታነቡ አንድ ነገር አትርሱ። ዚግቢቱኤምኪውቲቲ ላይ የሚታየው የመጨረሻው ዝላይ ጥራት ነው። ሴንሰሩ በፕለግ በኩል የሚመጣ ከሆነ የምታዩት ከፕለጉ እስከ ዶንግሉ ያለውን ነው። በሴንሰሩና በፕለጉ መካከል ያለውን አይነግራችሁም።

የዚግቢውን ቻናል (የሚሠራበትን የሬዲዮ መስመር) ዕቃ ከማገናኘታችሁ በፊት ወስኑ። ዋይፋያችሁ ቻናል 1 ወይም 6 ላይ ከሆነ ዚግቢውን 25 ላይ አድርጉት። ዋይፋዩ 11 ላይ ከሆነ 15 ይሻላል። በኋላም መቀየር ይቻላል፤ ግን አንዳንድ በባትሪ የሚሠሩ ዕቃዎች እንደገና ካላገናኟቸው አይከተሉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስለ ዶንግል የምናነበው አብዛኛው ምክር መብራት የማይሄድበት ቤት ታስቦ የተሰጠ ነው። እኛ ጋ መብራት ይሄዳል። ፓዩና የዋይፋይ ራውተሩ ሚኒ ዩፒኤስ ላይ ስለሆኑ ይቆያሉ። ስማርት ፕለጎቹ ግን ወዲያው ይጠፋሉ፤ አቀባባዮቹ ደግሞ እነሱ ናቸው። የበሩ ሴንሰር ባትሪው ሙሉ ሆኖ የሚያናግረው ያጣል። አንዳንዱ ሴንሰር ሌላ አቀባባይ ፈልጎ ይጠጋል። አንዳንዱ የድሮውን ሙጥኝ ብሎ ይቀርና፣ መብራት ተመልሶም ቁልፉን ካልተጫኑት አይመለስም። በሩ መከፈቱን ማወቅ የምንፈልገው ደግሞ በተለይ ሰፈሩ ሲጨልም ነው።

መፍትሔው ሁለተኛ ዶንግል ሆነልኝ። ያንኑ “ፒ” ሞዴል ወስጄ የራውተር ፈርምዌር ጫንኩበት። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር አይፈልግም፤ 5 ቮልት ካገኘ በቂው ነው። በሳሎኑና በሰርቪሱ መካከል ባለው መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። ፓወር ባንክ ላይ ልሰካው ብዬ ነበር፤ አልሆነም። አብዛኛው ፓወር ባንክ የሚወሰድበት ጅረት ትንሽ ሲሆን “ስልኩ ሞልቷል” ብሎ ራሱን ያጠፋል፣ ዶንግሉ ደግሞ የሚወስደው በጣም ትንሽ ነው። የዩኤስቢ መውጫ ያለው ሚኒ ዩፒኤስ ግን ሳይቋረጥ ይይዘዋል። የሮቶውን ሴንሰር በዚህ ዶንግል በኩል አገናኘሁት። አሁን መብራት ሄዶም የሮቶው መልእክት ይደርሰኛል።

ሁለት አንድ ዓይነት ዶንግል መያዝ ሌላም ጥቅም አለው። መብራት ሲመለስ ኃይለኛ ሆኖ መጥቶ ዋናውን ቢያቃጥለው፣ ሁለተኛው ላይ የዋናውን ፈርምዌር መልሼ ጭኜ የኔትወርኩን ባክአፕ (አስቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ) አወርድበታለሁ። የቺፑ ቤተሰብ አንድ ስለሆነ ኔትወርኩ እንዳለ ይመለሳል። እያንዳንዱን ሴንሰር በመሰላል እየወጡ እንደገና ማገናኘት አይኖርም። ባክአፑን ግን ፓዩ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ሌላ ቦታም ቅዱት።

ፓያችሁ ላይ ከአንድ በላይ የዩኤስቢ ዕቃ ካለ ደግሞ ይህን አድርጉ። ሶፍትዌሩ ዶንግሉን በተራ ቁጥር እንዲጠራው አታድርጉ። ፓዩ ጠፍቶ ሲነሳ ዜሮ የነበረው አንድ፣ አንድ የነበረው ዜሮ ሊሆን ይችላል። የዶንግሉ ሲሪያል ቁጥር ያለበትን ረጅሙን አድራሻ ስጡት። እሱ የትም ቢሰካ አይለወጥም።

የቀረኝ የላሜራው በር ነው። ሴንሰሩን ከላሜራው አንስቼ ማግኔቱን ብቻ በሩ ላይ፣ ሴንሰሩን የግንቡ ዓምድ ላይ ሳደርገው ሲግናሉ ተሻሽሏል። ግን በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ላሜራው በሴንሰሩና በመስኮቱ ዶንግል መካከል ይገባና ምልክቱን ይጋርደዋል። ቀጥዬ ሴንሰሩን በሩ ወደማይዞርበት ዓምድ ላዛውረው ነው። የላሜራ በር ላይ አስተካክሎ ያሠራ ካለ የት ጋ እንደለጠፈው ይጻፍልኝ።