በዚያ ሌሊት ምሥራቅን ያሳየኝ ጌታ

ጌታ ይባረክ! ይህን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት እሱ ያውቃል። አሁንም ስጽፈው ልቤ ይመታል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብል ታገሡኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር። ያን ጊዜ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። ታናሽ እህቴ ታመመች፤ ጾምን፣ ጸለይን፣ ወራት አለፉ፣ ሞተች። ከዚያ በኋላ ጉባኤ እሄዳለሁ፣ እጄን አነሣለሁ፣ አሜን እላለሁ፤ ውስጤ ግን ዝግ ነው። አንድ ሌሊት ትራሴን ነክሼ «ካንተ ጋር ጨርሻለሁ» ብዬዋለሁ። ኢዮብም ከዚህ የባሰ ተናግሯል።

የጸሎት ቡድናችን ለሁለት ቀን ጫካ ሲወጣ የሄድኩት ጓደኞቼ ስለጎተቱኝ ብቻ ነው። ኅዳር ማለቂያ ላይ ነበር። ጠዋት መኪና ውስጥ ስንጓዝ ፀሐይዋ በቀኝ መስኮት ገብታ ጉንጬን ታቃጥለኝ ነበር። ከአስፋልቱ ዳር ወርደን በግራ በኩል ወደ ጫካው ስንገባ ደግሞ ጀርባዬን አሞቀችኝ። ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ለግል ጸሎት ተበታተንን። እኔ እንኳን አልጸለይኩም፤ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ያኔ ነው ጉሙ የወረደው። ቀና ስል ፊት ለፊቴ የነበረው ትልቅ ዛፍ የለም። ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ስልኬ ኔትወርክ የለውም፤ ባትሪውም ወዲያው አለቀ። ኮምፓስ የሚባል ነገር በሕይወቴ ይዤ አላውቅም።

ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ማለቴ፣ ቀጥ ያልኩ መሰለኝ። ብዙ ከሄድኩ በኋላ ጭቃ ላይ የጫማ ዱካ አየሁ። «ሰው!» ብዬ ጮህኩ። ጎንበስ ብዬ ሳየው የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል። የራሴ ጫማ ነው። ዞሬ ዞሬ እዚያው።

በኋላ ሳነብ ነገሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አወቅሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ደን ውስጥና በረሃ ላይ አስኪደው በጂፒኤስ ተከታትለዋቸዋል። ፀሐይ ወይም ጨረቃ ሲታያቸው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ስትጋረድባቸው ግን ቀጥ ያሉ እየመሰላቸው ክብ ይሠራሉ፤ የራሳቸውን መንገድ መልሰው እያቋረጡ እንኳ አይታወቃቸውም። የሰው እግር ከውጭ ምልክት ካላገኘ ቀጥታን አያውቅም ማለት ነው።

ያን ዕለት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ግንድ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ሽበት በሰሜን በኩል ይበቅላል ሲባል ሰምቻለሁ። ዛፎቹን አንድ በአንድ በእጄ ዳሰስኩ። አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ፣ ሌላው ደግሞ ዙሪያውን ሸብቷል። ሽበቱ ጥላና እርጥበት ባለበት ይበቅላል፤ እርጥብ ጫካ ውስጥ ደግሞ በሁሉም በኩል ጥላ ነው። እባካችሁ ነፍሳችሁን በሱ አታስይዙ።

ከጉሙ በላይ ልውጣ ብዬ ሽቅብ ስወጣ አንድ ድንጋያማ ገላጣ ቦታ ላይ ደረስኩ። እዚያው መሸብኝ።

ስለዚያ ጨለማ ምን ብዬ ልንገራችሁ? እጄን ዓይኔ ፊት አድርጌ አላየውም። ጀርባዬን ለአንድ ድንጋይ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሹራቤ እርጥብ ነው። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ድምፁ ከውጭ የሚመጣ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ እውነተኛው ድምፅ መጣ። ከበታቼ ቅጠል ተረገጠ። ዝም አለ። እንደገና ተረገጠ፤ አሁን ቀረብ ብሎ። ትንፋሽ ሰማሁ፤ ከባድ፣ በአፍንጫ የሚወጣ። ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ትንፋሼን ያዝኩ። ልቤ ግን አልያዝ አለኝ፤ አውሬው ልቤን የሚሰማው መሰለኝ። ያ ነገር ቆመ፣ ቆመ፣ ቆመ። «እነሆ፥ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም» የሚለው ቃል ሳልጠራው ከንፈሬ ላይ መጣ። ያውም ያኮረፍኩት እኔ! በሹክሹክታ ደጋገምኩት። እርምጃው ዞር ብሎ ራቀ።

ከራቀ በኋላ ፈነዳሁ። ጮክ ብዬ። «እህቴን ወሰድክ፤ አሁን ደግሞ እኔን? እሺ ውሰደኝ! ግን ለእናቴ አንተ ራስህ ንገራት!» አልኩት። ዳዊት «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ያለውን በጉባኤ ስናነበው በዜማ ነበር። ያን ሌሊት ዜማ የለውም። አልቅሼ አልቅሼ ሲደክመኝ፣ ከወራት በኋላ የመጀመሪያዬን እውነተኛ ጸሎት ጸለይኩ። አጭር ናት። «ሰው ላክልኝ።»

ሰው አልመጣም። ጉሙ ግን ተከፈተ።

መስኮት የምታህል ሰማይ ታየችኝ፤ ዝቅ ብላ፣ ከጫካው ጫፍ በላይ። በውስጧ ሦስት ከዋክብት አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። እኩል ብሩህ፣ እኩል የተራራቁ። አየኋቸው፤ ምንም አላሉኝም። ከዚያ አንድ የጠመኔ ሥዕል ትዝ አለኝ።

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መምህራችንን ጌታ ዕድሜውን ያርዝመው። መጽሐፈ ኢዮብን ስናጠና ምዕራፍ 38 ላይ ደረስን። ኢዮብ ያን ሁሉ ተማርሮ ሲያበቃ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ የሚመልስለት ቦታ ነው። ሰባቱን ከዋክብት ልታስር፣ ኦሪዮንን ልትፈታ ትችላለህን እያለ ይጠይቀዋል። አንዱ ልጅ «ኦሪዮን ምንድን ነው?» አለ። መምህራችን ትምህርቱን ትቶ ጠመኔ አነሣ። ኦሪዮን ወገቡን የታጠቀ ሰው ተደርጎ የሚታሰብ የከዋክብት ስብስብ ነው፤ ሦስቱ ከዋክብት መታጠቂያው ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ከምድር ወገብ ትይዩ ስላሉ የትም አገር ሁን ከምሥራቅ ይወጣሉ፣ በምዕራብ ይጠልቃሉ፤ ስሕተቱ ጥቂት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ላይ ብቅ ይላሉ፤ ሲወጡ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ነው። መምህራችን ይህን ሁሉ ሲያብራራ እኛ እናዛጋ ነበር። እኔ ሰዓት እያየሁ ነበር።

ጌታ ሆይ፣ ያን ቀን ለእኔ ነበር እንዴ የምታስተምረው?

ግን ፈራሁ። ሌሎች ሦስት ከዋክብት ቢሆኑስ? እየጠለቁ ቢሆንስ? መምህሩ ለዚህም መላ ነግሮን ነበር። ማንኛውንም ኮከብ ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር አስተያዩት። ሽቅብ ከወጣ ፊታችሁ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ቁልቁል ከወረደ ወደ ምዕራብ። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ላለ ሰው ወደ ቀኝ ከሄደ ደቡብ፣ ወደ ግራ ከሄደ ሰሜን ነው። ራሴን ድንጋዩ ላይ አስደግፌ አላንቀሳቅስም አልኩ። ታችኛውን ኮከብ ከአንድ ቅርንጫፍ መንታ ሥር አስገባሁት። አንገቴ ደነዘዘ። እንቅልፍ ሲጥለኝ ከንፈሬን እነክሳለሁ። በልጅነቴ የምዘምረው መዝሙር መጣልኝ፤ ግማሹን ግጥም ረስቼዋለሁ፣ በቀረው ግማሽ ዘመርኩ። ደጋግሜ ደጋግሜ ዘመርኩት። ከዚያ አየሁ። ኮከቡ ከመንታው በላይ ነው። ወጥቷል!

ምሥራቅ እዚያ ነው።

እሺ፣ ምሥራቅን አወቅሁ። ግን ምን ያደርግልኛል? መንገዱ የት ነው? ያኔ ነው ሹራቤ ትዝ ያለኝ። ስንገባ ፀሐይዋ ጀርባዬን ያሞቀችው ጠዋት ነው። ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ ናት። ስለዚህ ፊቴ ወደ ምዕራብ ነበር። መኪና ውስጥ ደግሞ በቀኜ ነበረች፤ ስለዚህ አስፋልቱ ወደ ሰሜን የሚሄድ ነው። እኔ ከሱ በስተ ምዕራብ ነኝ። ምሥራቅን ይዤ ከሄድኩ የሆነ ቦታ ላይ መንገዱን መምታቴ አይቀርም። ካምፓችን ትንሽ ነጥብ ነው፤ በጉም ውስጥ አጠገቡ ማለፍ ይቻላል። አስፋልቱ ግን ረጅም ነው፤ ብታጋድል እንኳ አትስተውም። ይህን ሳሰላ ብርዱን ረሳሁት።

በጨለማ አልተነሳሁም። ገደል ይኖራል። ረጅም ደረቅ እንጨት ፈልጌ ጫፉን ወደ ከዋክብቱ አቅጣጫ አስተኛሁት። ኮከብ ከፍ እያለ ሲሄድ ወደ ጎን ሊሸሽ ስለሚችል ገና ዝቅ ብለው ሳሉ ነው ያደረግኩት። በሁለት ድንጋይ አስደገፍኩት። ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ ተመልሶ ተዘጋ። ያቺ መስኮት ለእኔ ነበረች ብላችሁ ብትስቁብኝም አምናለሁ።

ያን ሌሊት ሳይተኙ የእጅ ባትሪ ይዘው ስሜን እየጠሩ ያደሩትን ጓደኞቼን እግዚአብሔር ይባርካቸው። አንዷ ጉልበቷ እስኪደማ ወድቃለች። የጠሩኝ ከኮረብታው ማዶ ስለነበር አልሰማኋቸውም።

ነጋ፤ ግን ነጋ አይባልም፤ ጉሙ ነጭ ሆነ እንጂ። እንጨቱ ባይኖር ኖሮ እንደገና ክብ እሠራ ነበር። ልነሣ ስል ደግሞ ሌላ ጣጣ። ጉሙ ለአፍታ ሳሳ አለና ፀሐይዋ እንደ ገረጣ ሳንቲም ታየች። እንጨቱ የሚያሳየው ቦታ ላይ አይደለችም! ወደ ቀኝ ሸሽታለች። ጉልበቴ ራደ። ፀሐይን ልመን ወይስ እንጨቱን? «ሌሊት ያሳየኸኝን ጠዋት አልለውጥም» አልኩና እንጨቱን አመንኩ። ለካ ፀሐይ ከምሥራቅ ልክ የምትወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ብቻ ነው። በታኅሣሥ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር እንኳ ከ23 ዲግሪ በላይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ወደ ሰሜን ርቆ ላለ ሰው ደግሞ ይብሳል። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

አካሄዴ እንዲህ ነበር። በእንጨቱ አቅጣጫ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ዛፎች እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ጋ ስደርስ ከሁለተኛው ኋላ ሦስተኛ እመርጣለሁ። ሁልጊዜ ሁለት ዛፍ ከፊቴ። ቁጥቋጦ ከዘጋኝ ወደ ቀኝ እርምጃዬን እየቆጠርኩ እሄዳለሁ፤ ካለፍኩት በኋላ ያንኑ ያህል ወደ ግራ እመለሳለሁ። ያሰለቻል። እጄ በእሾህ ተቦጫጨረ። «የከዋክብትንም ብዛት ይቈጥራል፥ ሁሉንም በየስማቸው ይጠራቸዋል» የሚለውን መዝሙር እያልኩ ዛፍ ቆጠርኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት የመኪና ድምፅ ነው። ሮጥኩ። ወድቄ ተነሣሁ። አስፋልቱን ስረግጥ ተንበርክኬ በእጄ ዳሰስኩት።

አንድ ሽማግሌ በአሮጌ ፒካፕ መጡና ቆሙልኝ። «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። መናገር አቃተኝ። ኮታቸውን አውልቀው አለበሱኝ፤ አንድም ጥያቄ ሳይደግሙ ጓደኞቼ ጋ አደረሱኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ ሄዱ። አባባ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ ኮትዎ እኔ ጋ ነው።

እህቴ ለምን እንደሞተች አሁንም አላውቅም። አሁንም እጠይቀዋለሁ፤ አንዳንዴም እቆጣለሁ። ልዩነቱ፣ አሁን የምቆጣው እያናገርኩት ነው። ኢዮብም ለምን ተብሎ አልተነገረውም፤ ከዋክብት ግን አሳየው።

ወደ ቤት እንደተመለስኩ መምህራችን ጋ ደወልኩ። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ሲያመሰግን ድምፁ ተቆራረጠ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ሰባቱን ከዋክብትስ አየሻቸው? ከኦሪዮን ቀድመው ነው የሚወጡት፤ ከፍ ብለው ነበር» አለኝ።

«ጉም ነበር መምህር፤ አላየኋቸውም» አልኩት።

«እንግዲያውስ ትምህርቱን አልጨረስሽም። እሑድ ነይ» አለኝ። ሄድኩ፤ ሰዓትም አላየሁም።