የካርዱ ስፋትና የእጄ ርዝመት

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ ያለ በቂ ምክንያት ከፋኝ። ከማንም ጋር መነጋገር ስላልፈለግሁ መስኮቱ ሥር ተቀመጥሁና ጠረጴዛው ላይ የሚያድረውን ግሪፐር፣ ሁለት እጀታዎች በሞላ የተያያዙበትን የእጅ ማጠንከሪያ፣ አንስቼ ሳልጨምቀው ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ዓይኔ እጄ ላይ አረፈ። መዳፉ ሰፋ ያለ፣ ጣቶቹ ግን ያጠሩ፣ ቁርጥ የእማዬ እጅ ነው። ረጅሙ ጓደኛዬ ሰሞኑን «በዚህ እጅህ ቁጥር 3ን ባትመኘው ይሻልሃል» ያለኝ ከልቤ አልወጣ ብሎ ይሆናል። ክፉ አስቦ እንዳልተናገረ አውቃለሁ። ሆኖም የእጅ ማጠር የሚከለክለው ምኑን እንደሆነ፣ የማይከለክለውስ ምኑን እንደሆነ ለይቶ የሚናገር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔም ስለዚህ ነገር ማሰብ ከጀመርሁ ማቆም ይቸግረኛል።

ቁጥር 3 በእርግጥ ከባድ ነው። አይረንማይንድ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ከሚያቀርባቸው ካፕቴንስ ኦፍ ክራሽ ግሪፐሮች ውስጥ ቁጥር 1 በ140 ፓውንድ፣ ቁጥር 2 በ195፣ ቁጥር 3 በ280፣ ቁጥር 4 ደግሞ በ365 ፓውንድ ይመደባል። ሪቻርድ ሶሪን እ.ኤ.አ. በ1991 ቁጥር 3ን በመዝጋቱ፣ ማለትም ሁለቱ እጀታዎች እስኪነካኩ በመጨበጡ፣ የመጀመሪያውን የምስክር ወረቀት ተቀበለ፤ ቁጥር 4ን በይፋ ለመዝጋት የመጀመሪያው የሆነው ጆ ኪኒም በ1998 መጣ። በዚያው ዓመት የዓለም ጠንካራው ሰው ተብሎ የተሸለመው ግዙፉ ስዊድናዊ ማግነስ ሳሙኤልሰን ቁጥር 4ን የዘጋው በ2004 ነበር። የእርሱን እጅ ያየ ሰው ረጅሙ እንዳለው ቢያስብ አይፈረድበትም።

ነገር ግን አጭር እጅ የሚቸገረው መጀመሪያው ላይ ነው። ግሪፐር ሳይነካ ሲቀመጥ የእጀታዎቹ ጫፎች ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ረጅም ጣት ያለው ሰው ያንን ርቀት አልፎ እጀታውን በመካከለኛው የጣት አጥንት ጭምር ይጠቀልለዋል፤ የእኔ ጣቶች ግን የሚደርሱት በጫፋቸው ብቻ ነው። ጣት የሚያጥፉት ዋና ዋና ጡንቻዎች ክንድ ውስጥ ተቀምጠው በረጃጅም ጅማቶች ጣትን ይስባሉ፤ የላይኛው ጡንቻ ጅማት የሚያያዘው መካከለኛው አጥንት ላይ ሲሆን የጥልቁ ጡንቻ ጅማት ግን እስከ ጫፉ አጥንት ይዘልቃል። ስለዚህ የሞላው ግፊት ጫፉ ላይ ብቻ ሲያርፍ የመጨረሻዋ መገጣጠሚያ እንዳትዘረጋ የሚይዛት ያ ጥልቁ ጡንቻ ብቻ ነው። ትንሿ ጣት ደግሞ ከሞላው ርቆ፣ ጉልበት ይበልጥ በሚሠራበት የእጀታው ጫፍ ላይ መያዝ ሲገባት፣ አጭር በመሆኗ ከሁሉም ኋላ ትቀራለች።

አያያዝ ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው እጀታ መዳፉ መሃል ሳይሆን ወደ አውራ ጣቱ ሥር፣ ሥጋማው ክፍል ጠርዝ ላይ ጋደም ብሎ ከተቀመጠ ለጣቶቹ የሚቀረው ርቀት ያጥራል። ከዚያ በሌላው እጅ ሌላኛውን እጀታ ጥቂት ገፍቶ አራቱንም ጣቶች በደንብ ማስያዝ፣ ትንሿን ጣት ወደ ታችኛው ጫፍ ማውረድ፣ ጠመኔውንም ላብ በሚያንሸራትተው ቦታ ብቻ መቀባት ያስፈልጋል። ይህ የጥቂት ሰከንድ ዝግጅት ለእኔ ከወራት ልምምድ የማይተናነስ ለውጥ ነው ያመጣልኝ።

መጨረሻው ግን ሌላ ነው። ሞላ በታጠፈ መጠን ተቃውሞው ስለሚጨምር ከሁሉ የሚከብዱት የመዝጊያዎቹ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ናቸው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ረጅም ጣት የተለየ መብት ያለው አይመስለኝም። ጣት ከመጠን በላይ ሲታጠፍ የሚስበው ጡንቻ አጥሮ ጉልበቱን ያጣል፤ የእጁን አንጓ ወደ ውስጥ አጥፎ ለመጨበጥ የሞከረ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። አንጓ ቀጥ ብሎ ወይም በትንሹ ወደ ኋላ ተለጥጦ መቆየት ያለበትም ለዚሁ ነው። ኪኒም ልፋቱን ያዋለው በዚህ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ ግሪፐር ተገዶ እንዲዘጋ አድርጎ፣ እንዳይከፈት በሙሉ ኃይሉ ይታገለው ነበር። ለዚህ ልፋት የጣት ርዝመት አያስፈልግም።

እማዬ ርጥብ ጋቢ በምንጠመዝዝበት ጊዜ በአንዱ ጫፍ እርስዋ፣ በሌላው እኔ እንቆም ነበር፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚለቀው የእኔ እጅ ነበር። እጆቻችን ግን አንድ ዓይነት ናቸው።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ የካርዱ ነገር ነው። ለምስክር ወረቀት የሚቀርብ ሰው በሌላ እጁ ግሪፐሩን ጠበብ አድርጎ መያዝ ይፈቀድለታል፤ ሆኖም በእጀታዎቹ ጫፎች መካከል የባንክ ካርድ ስፋት፣ ማለትም ወደ 54 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ መቅረት አለበት። ደንቡ ተገቢ ነው፤ ያለ እርሱ አንዱ ሰው ሙሉውን ርቀት፣ ሌላው የመጨረሻዋን ስንዝር እንኳ የማትሞላ ክፍል ዘግቶ እኩል ነን ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን ካርዱ ለሁሉም አንድ ነው፣ እጅ ግን አንድ አይደለም። ሐኪሞች የመጨበጥ ኃይል የሚለኩበት ጃማር የተባለው መሣሪያ እንኳ እጀታው በአምስት ደረጃ የሚሰፋና የሚጠብ ነው፤ እጅ ከእጅ እንደሚለያይ የሠሩት ሰዎች አስበውበታል።

ታዲያ ርቀቱ በእጁ ርዝመት ልክ ቢወሰን የሚለካው ጉልበት ይበልጥ እውነተኛ ይሆናል ወይስ ቁጥር 3 ለሁሉም አንድ መሆኑ ቀርቶ ትርጉሙን ያጣል? እንዲህ ያለ ደንብ ቢወጣስ፣ እኔ በጠበበው ርቀት ዘግቼ ወረቀቱን ብቀበል ዘጋሁት ብዬ ለረጅሙ መናገር እችል ይሆን?