ዝናብ በማይጠፋበት ከተማ ውሃን መስፈር

ጅማ ውስጥ ብሎኬት እያመረተ ስለ ውሃ ቁጠባ የሚያወራ ሰው መጀመሪያ የሚያተርፈው ሳቅ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበትና ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ጃንጥላ ከእጅ በማይለይበት ከተማ ውሃ የሚሰፈር ነገር አይመስልም። እኔም በሥራው የመጀመሪያ ዓመታት ሲሚንቶውን በከረጢት፣ አሸዋውን በሳጥን፣ የቀን ሠራተኛውን በሰዓት ስቆጥር፣ ውሃውን ግን ጎማውን ለቅቄ «ይበቃል» እስኪሉኝ ድረስ ነበር የማፈሰው።

ይህን ልማድ ያስተወኝ በአንድ የነሐሴ ሳምንት ያመረትነው ብሎኬት ነው። አሸዋው ሌሊቱን ሲዘንብበት ያደረ ቢሆንም፣ ማቀላቀያው ላይ የቆመው ልጅ በበጋው ልማድ ውሃ ስለጨመረበት፣ ብሎኬቱ ከቅርጹ እንደወጣ ወገቡ ይሰምጥ፣ ጠርዙም ይናድ ጀመር። ልጁን ተቆጣሁ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። አንድ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ሲሚንቶ፣ የውሃውና የሲሚንቶው ምጣኔ 0.5 ነው ብንል፣ 25 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ዝናብ የጠጣ አሸዋ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ውሃ ሊይዝ ስለሚችል፣ 150 ኪሎ ግራም አሸዋ ብቻውን 7.5 ሊትር ይዞ ይመጣል፤ ማለትም ጎማው ሳይከፈት ከሚያስፈልገው ውሃ ሲሶው ገደማ ገብቷል ማለት ነው። ዛሬ ውሃው በጀሪካን ተለክቶ ይገባል፤ የመጨረሻው ዳኛ ግን አሁንም እጅ ነው። ከድብልቁ አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲከፍቱት ቅርጹን ይዞ ከቆመ ልክ ነው፤ ከተፈረፈረ ውሃ ይጎድለዋል፤ በጣቶች መካከል ከተንጠባጠበ ግን በዝቷል።

ይሁንና በእኛ ግቢ ብዙ ውሃ ይባክን የነበረው ከድብልቁ ይልቅ በማጠጣቱ ላይ ነበር። ብሎኬት ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥበቱን ይዞ መቆየት አለበት። ሥራውን «ውሃ ማጠጣት» ስለምንለው ይመስለኛል፣ ጠዋትና ማታ በጎማ ማጥለቅለቅ የሚጠይቅ አድርገን የምናስበው፤ ሲሚንቶው የሚፈልገው ግን ያገኘው ውሃ እንዳይተንበት ብቻ ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ያረጀ የቡና ጆንያ ማግኘት ችግር አይደለም። ጆንያውን አርሰን ብሎኬቱን እናለብሰዋለን፣ ላዩን በላስቲክ እንሸፍነዋለን። በጥር ፀሐይ እንኳን በማግስቱ ሲገለጥ ከሥሩ ለብ ያለ እንፋሎትና የጥሬ ቡና ሽታ ይወጣል፤ ብሎኬቱም እንደ ጠቆረ፣ እርጥብ እንደሆነ ይገኛል።

የማቀላቀያው እጣቢ ጉዳይ ግን ከቁጠባም በላይ ነው። ከግቢያችን በታች ጎመን የሚያለሙ አንዲት እናት አንድ ቀን መጥተው፣ «ልጄ፣ ውሃችሁ የወረደበት መደብ ላይ ጎመኑ ነጣ፣ ደረቀብኝ» አሉኝ። ሄጄ ሳየው ቦዩ ዳርና ዳር አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ሲሚንቶ የነካው ውሃ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው፣ 12 አካባቢ ይደርሳል፤ ይህም ኃይለኛ አልካላይ ነው፤ ቆዳ ይልጣል፣ ዓሣም ይገድላል። የእኛ ቦይ ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል፤ አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል። ቡና በሚታጠብበት ወቅት የማጠቢያ ጣቢያዎች ወንዙን አበላሹት እያልን የምናማው እኛው ነን፤ የእኛ እጣቢ ቀለሙ ስለማይጮኽ ብቻ ንጹሕ መስሎን ኖረናል።

ስለዚህ ሦስት ጉድጓድ በተከታታይ አስቆፈርኩ። እጣቢው ከመጀመሪያው ሞልቶ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ሲያልፍ ዝቃጩ ከሥር ይቀራል። የጠራው ውሃ ግን ጠራ ተብሎ ወደ ቦይ የሚለቀቅ አይደለም፤ መጥራቱ ፒኤቹን አያወርደውምና። ተመልሶ ማቀላቀያውን ያጥባል፣ ጥቂቱም ከንጹሕ ውሃ ጋር ወደ ድብልቅ ይገባል።

ንጹሑን ውሃ ከጣሪያ እንቀበላለን። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 20 ሚሊ ሜትር በጣለበት ከሰዓት እስከ 2,000 ሊትር ወደ አሸንዳው ያወርዳል። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከማንኛውም የውሃ አገልግሎት በፊት ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። አዋጁን ባላነብም እንኳ፣ የቧንቧ ውሃ ባነሰበት ሳምንት ጎረቤቶቼ ጀሪካን ይዘው ሲሰለፉ እኔ በዚያው መስመር ብሎኬት ማጠጣቴ ያሳፍረኝ ነበር።

አሁን የሚያስቸግረኝ ዝቃጩ ነው። በበጋ በአካፋ አውጥተን፣ አድርቀን፣ ከገረጋንቲ ጋር ለግቢው መሙያ እናደርገዋለን፤ ክረምት ላይ ግን አይደርቅም፣ ጉድጓዶቹም ዝናብ ሞልቷቸው ያንኑ ውሃ ወደ ቦዩ ሊመልሱት ይደርሳሉ። ከሰኔ በፊት በላያቸው ቆርቆሮ ለማልበስና አራተኛ ጉድጓድ ለዝቃጩ ብቻ ለማስቆፈር ከቆፋሪዎቹ ጋር በዋጋ እየተነጋገርን ነው፤ እስካሁን አልተስማማንም።